የለም ማለትም ስምሪት ነው፦ የ2013ቱ የኦሪገን ሰደድ እሳት ከኮምቦልቻ ሲታይ

ሰደድ እሳት ሲነሳ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ነበልባሉ ነው። ቀጥሎ ወደሚያጠፉት ሰዎች። ከጀርባ ስልክና ሬዲዮ ይዞ የተቀመጠውን ሰው ማንም አያስታውሰውም። ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚያ ሰው ሥራ ነው፤ ስምሪት ይባላል፣ ጥሪ ተቀብሎ ማንንና ምንን ወዴት እንደሚልክ መወሰን። በተለይ ሁሉም እርዳታ በሚጠይቅበት፣ የሚላከው ግን ባለቀበት ዓመት ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው። አሜሪካ፣ የኦሪገንና የዋሽንግተን ግዛቶች፣ እ.ኤ.አ. 2021። በእኛ 2013 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። እዚያ ድረስ የሄድኩት የእሳቱ ሥራ ከጥሪው እስከ መዝጊያው በጽሑፍ ስለሚገኝ ነው። የማነበው ግን ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የጎፍ ደን እያሰብኩ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የጎፍን ሳያይ አይቀርም። በበጋ ከዚያ ደን ላይ ጢስ ሲነሳ ደግሞ ከተማው በሙሉ ነው የሚያየው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እሳቱ እዚያ ሲነድ እዚህ ክረምት ነበር። ደሴ ከሰሜን በመጡ ተፈናቃዮች መሞላት የጀመረችበት ክረምት። የኦሪገንን ዜና ለመከታተል ማን ልብ ነበረው? ብዙዎቻችን ሳናየው ነው ያለፈው።

ማን ለማን ይደውላል

አሠራሩ ሦስት እርከን አለው። ታች በየአካባቢው አነስተኛ የስምሪት ማዕከሎች አሉ። ጢስ ታየ የሚለው ስልክ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። የመጀመሪያውን መኪናና የመጀመሪያዎቹን ሰዎች የሚልኩትም እነሱ ናቸው። መሐል ላይ የክልል ማስተባበሪያ ማዕከል አለ። አገሪቱ እንዲህ ያሉ አሥር ክልሎች አሏት፤ የኦሪገንና የዋሽንግተኑ ማዕከል ፖርትላንድ ከተማ ነው። ከሁሉም በላይ ያለው አገር አቀፉ ማዕከል ቦይዚ በተባለች የአይዳሆ ከተማ ይገኛል።

የፖርትላንዱ ማዕከል የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም። የፌዴራሉ የደን አገልግሎት፣ የመሬት አስተዳደሩ፣ የብሔራዊ ፓርኮች፣ የዱር እንስሳት፣ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አሉበት። የሁለቱ ግዛቶች የደን መሥሪያ ቤቶችም አሉበት። እሳቱ የማን መሬት ላይ ነው የሚለው ጭቅጭቅ በጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያልቅ ነው ሐሳቡ። ሜዳ ላይ ለዚያ ጊዜ የለም።

አንድ የእሳት አዛዥ ሄሊኮፕተር ቢፈልግ ለሚያውቀው ፓይለት አይደውልም። ለአካባቢው ስምሪት ይናገራል። ስምሪቱ ጥያቄውን ይመዘግብና ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል። ኤ ለአውሮፕላንና ለሄሊኮፕተር ነው። ሲ ለእሳት አጥፊ ቡድን፣ ኢ ለመኪናና ለማሽን፣ ኦ ለባለሙያ፣ ኤስ ለዕቃ። ሲ-7 የተባለ ጥያቄ እስኪዘጋ ድረስ ሲ-7 ሆኖ ይኖራል። ፈረቃ ቢቀየር፣ ሰው ቢታመም፣ አዛዡ ቢለወጥ ሲ-7 የት ደረሰ ተብሎ ይጠየቃል። አካባቢው ካለው ይልካል። ከሌለው ወደ ፖርትላንድ ይሄዳል። ፖርትላንድም ካጣች ወደ ቦይዚ። ደንቡ ቅርብ ያለው ይቅደም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም አይታይም።

ይህ ሁሉ የሚያልፍበት የኮምፒውተር ሥርዓት በአዲስ የተተካው በ2012 ነው። ገና አዲስ ሳለ ነው ያ ዓመት የመጣው።

ዓመቱ

ምዕራብ አሜሪካ በከባድ ድርቅ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ሰኔ 21 ቀን ፖርትላንድ 46.7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገባች። በደመናና በዝናብ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሣሩም ቁጥቋጦውም ከወትሮው ቀድሞ ደረቀ።

በአገሪቱ የዝግጁነት ደረጃ የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ይሄዳል። 5 ማለት በየክልሉ ትልልቅ እሳት አለ፣ ያለው ሰውና መሣሪያ ከሞላ ጎደል ተሰማርቷል፣ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ከሌላው ላይ ካልተወሰደ መልስ የለውም ማለት ነው። በ2013 ደረጃ 5 የታወጀው ሐምሌ 7 ቀን ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት እንዲህ ቀድሞ ታውጆ አያውቅም ነበር። ዝቅ ያለውም ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ የእኛ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. 2021 ሲዘጋ በአገሪቱ 58,985 ሰደድ እሳቶች ተመዝግበዋል። የተቃጠለው መሬት 2.9 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከስምሪቱ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት ይጠይቃል። እያንዳንዱ እሳት ቢያንስ አንድ ስልክ ነው። አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ይያዛል፤ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆነው እንዲያ ነው የሚያልቀው። ዜና የሚሆነው የተረፈው ጥቂቱ ነው። የክልሉን ሰውና አውሮፕላን ውጦ የሚጨርሰውም እሱ ነው።

ቡትሌግ

ከጥቂቶቹ አንዱ ቡትሌግ ይባላል። ሰኔ 29 ቀን ደቡብ ኦሪገን ውስጥ፣ ፍሪሞንት-ዊኒማ በተባለው ብሔራዊ ደን፣ በመብረቅ ተነሳ። በሳምንት ውስጥ ወደ 80 ሺህ ሄክታር ተጠጋ። ሲያልቅ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ በልቶ ነበር። ሐይቅ የሚባለው የእኛው የወሎ ሐይቅ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰባ ሐይቅ የሚያህል ደን ነደደ ማለት ነው። 161 መኖሪያ ቤት ጠፋ። ሰው አልሞተም። ይህ የመጨረሻው እንዲሁ በዕድል የመጣ አይመስለኝም፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እጽፋለሁ።

እሳቱ ገና በጀመረ በቀናት ውስጥ ከኦሪገን ወደ ካሊፎርኒያ ኤሌክትሪክ የሚወስዱትን ዋና መስመሮች አስጊ ሆነባቸው። የሚተላለፈው ኃይል ተቀነሰ። ካሊፎርኒያ በዚያ ሙቀት ነዋሪዎቿን መብራት ቆጥቡ ብላ ለመነች። አንድ የደን እሳት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ሰው ማቀዝቀዣ አስጠፋ። ፖርትላንድ ያለው ሰው ይህንንም ማመዛዘን አለበት። ደኑ ብቻ ቢሆን ተራ የሚጠብቅ እሳት፣ መስመሩ ሲጨመርበት ተራው ይለወጣል።

ከዚያ እሳቱ የራሱን አየር መሥራት ጀመረ። የሙቀቱ ዓምድ ወደ ላይ ወጥቶ የነጎድጓድ ደመና ሆነ። በሐምሌ 11 የእሳት አውሎ ነፋስ መፈጠሩን የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በኋላ አረጋግጠዋል። ለተከታታይ ቀናት ሠራተኞቹ እሳቱ እንዳያልፍ የጠረጉትን መስመር ትተው ወደተዘጋጀላቸው መሸሻ እንዲያፈገፍጉ ተደረገ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጢሱ ኒውዮርክ ደርሶ ፀሐይዋን አቀላት።

በጣም በበዛበት ጊዜ ቡትሌግ ላይ ከ2,000 ሰው በላይ ነበር። እዚህ ላይ ልቆይ።

2,000 ሰው ማለት 2,000 ስም ነው። እያንዳንዱ በጥያቄ ቁጥር ነው የመጣው። ከየት ተነሳ፣ በምን መጣ፣ መቼ ደረሰ፣ የት ያድራል፣ ስንተኛ ቀኑ ነው? በእነሱ ደንብ አንድ እሳት አጥፊ በተለመደው አሠራር 14 ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ማረፍ አለበት። ለሁለት ሰዓት ሥራ የአንድ ሰዓት ዕረፍትም ይሰላለታል። እሳቱ ግን ቀን አይቆጥርም። ሃያ ሰው የያዘ ቡድን 14ኛ ቀኑ ሲደርስ ነፋሱ ቢከፋም ይሄዳል። ተተኪውን ከቀናት በፊት መፈለግ የስምሪቱ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ቢሮ ሰዎች ዕቃ ቆጣሪ አድርገው ያስቡታል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ትልቁ የሰውን ድካም መቁጠሩ ነው ባይ ነኝ። የደከመ ሰው ነፋስ ሲዞር አያስተውልም። ሩጥ ሲባልም እግሩ አይታዘዝለትም።

ጥያቄው ሲበዛ

ሐምሌ 6 ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲክሲ የተባለው እሳት ተነሳ። መጨረሻው 390 ሺህ ሄክታር ገደማ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን ግሪንቪል የምትባለውን ትንሽ ከተማ አወደመ። በነሐሴ ካልዶር የተባለው ተከተለና ሳውዝ ሌክ ታሆ የምትባለው ከተማ ነዋሪ በሙሉ እንዲወጣ ታዘዘ። ስለዚህ ፖርትላንድ ወደ ቦይዚ ስትደውል፣ ቦይዚ በሌላኛው ጆሮዋ ካሊፎርኒያን እየሰማች ነው።

በዚያ ላይ የሚላከው ነገር ራሱ ሳስቶ ነበር። ኮሮና ገና አልለቀቀም፤ በአንድ ካምፕ ውስጥ በሺዎች ማሳደር አስጊ ነው። የፌዴራል እሳት አጥፊዎች ደመወዝ ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ቡድኖች ሰው ጎድሏቸዋል። ፕሬዚዳንቱ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት ወደ 15 ዶላር ከፍ ይላል ብለው የተናገሩት እሳቱ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ነበር። ከሁሉ ግዙፍ የነበረው ውኃ ጫኝ ቦይንግ 747 ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከሥራ ወጥቷል። በሐምሌ በምዕራቡ አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የአውሮፕላን ነዳጅ አጠረ። ነዳጁ ጠፍቶ ሳይሆን የሚያመላልሰው ቦቴ ሾፌር ጠፍቶ። አውሮፕላኑ አለ፣ ፓይለቱ አለ፣ እሳቱ አለ፤ ቦቴው የለም። ስምሪት ላይ የሠራ ሰው፣ የጭነት መኪናም ቢሆን፣ ይህን ንዴት ያውቀዋል።

ሠራዊቱም ተጠራ። ሲ-130 የጦር አውሮፕላኖች የእሳት ማጥፊያ ታንክ ተገጠመላቸው። ነሐሴ ላይ 200 ገደማ ወታደሮች ሰልጥነው ወደ ዲክሲ ሄዱ።

ታዲያ ጥያቄው ከሚላከው ሲበልጥ ምን ይደረጋል? ሁለት ነገር። የዚህ ጉዳይ ፍሬ ያለው እነዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንደኛው ማሰለፍ ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ተወካዮች በየቀኑ ይገናኙና እሳቶቹን በተራ ያስቀምጣሉ። የሰው ሕይወት ይቀድማል። ከዚያ ከተማና መንደር፣ የኤሌክትሪክ መስመርና መንገድ፣ ደን፣ ቅርስ እየተመዘኑ ይከተላሉ። ስምሪቱ የሚልከው በዚያ ተራ ነው። በጣም የጮኸ አይቀድምም። ዘመድ ያለው አይቀድምም። እዚህ ላይ ሰው የማይወድደው ነገር አለ፤ ትልቁ እሳት እየነደደ ሳለ ጥቂት ቡድንና ሄሊኮፕተር ሳይነኩ ይቀመጣሉ። ዛሬ ከሰዓት መብረቅ ለሚያስነሳው፣ ገና ላልተወለደው እሳት ነው የሚጠብቁት። ቤቱ እየነደደበት የቆመ ሄሊኮፕተር ያየ ሰው ቢረግም አልፈርድበትም። ግን ትክክል ናቸው። አዲሱን እሳት በመጀመሪያው ሰዓት በሃያ ሰው መያዝ ይቻላል። በሳምንቱ ሁለት ሺህ ሰው አይበቃውም።

ሁለተኛው የለም ማለት ነው። ጥያቄው ሊሞላ ካልቻለ አየር ላይ አይንጠለጠልም። "መሙላት አልተቻለም" ተብሎ፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ ለጠየቀው ሰው ይመለሳል። በደረጃ 5 ወራት እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ ነው የሚወጣው። ለጆሮ ክፉ ነው። ለሕይወት ግን መድኃኒት ነው። ማለዳ ላይ ሄሊኮፕተር እንደማይመጣ ያወቀ አዛዥ ዕቅዱን ይለውጣል። ሰዎቹን ከገደሉ አፋፍ አውርዶ መንገዱ ላይ መስመር ያሠራቸዋል። "ይመጣል፣ ጠብቅ" የተባለው ግን ሰዎቹን እላይ እንዳቆመ ይውላል። ቡትሌግ ላይ ሰው ያልሞተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማፈግፈግ የቻሉት ምን እንዳላቸውና ምን እንደሌላቸው ስለሚያውቁ ነው።

አሥራ አምስት ደቂቃ

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይ። ሄሊኮፕተር ወደ እሳት ሲሄድ በአካባቢው ስምሪት ውስጥ አንድ ሰው ይመደብለታል። ፓይለቱ ሲነሳ በሬዲዮ ይናገራል፦ ከየት፣ ወዴት፣ ስንት ሰው ይዟል፣ የስንት ሰዓት ነዳጅ አለው። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ያለበትን ይናገራል። መንገዱን በራሱ በሳተላይት የሚያሳይ መሣሪያ ካለው በቂ ነው ተብሎ ልዩነቱ ይሰፋል። ስምሪቱ ሰዓቱን ይጽፋል። 15 ደቂቃ አልፎ ድምፅ ካልመጣ ይጠራዋል። ካልመለሰ ደግሞ ይጠራዋል። ካልመለሰ አካባቢው ያሉትን ይጠይቃል፤ ከዚያ የፍለጋው ሥርዓት ይጀምራል። ማንም "ትንሽ እንጠብቅ፣ ሬዲዮው ይሆናል" ብሎ አይተኛም።

አየሩ ሲከፋም እንዲሁ ነው። ነፋስና ደረቅ አየር ይመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ስምሪቱ በሬዲዮ ያነበዋል። አንብቦ አያቆምም። እያንዳንዱ ቡድን ሰማሁ እስኪል በስም ይጠራል። ሰማሁ ያላለ እንዳልሰማ ነው የሚቆጠረው።

የሚገርመኝ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት መሆኑ ነው። ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ደብተር፣ ወንበሩን ጥሎ የማይነሳ ሰው።

የጎፍ

አሁን ወደ እኛ።

እኛ አካባቢ የሚያሰጋው ወቅት የታወቀ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ ጥርና የካቲት ላይ ክትክታው ራሱ ክብሪት ነው። በልጉ ከዘገየ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። መነሻውም የታወቀ ነው። ከሰል አክሳይ አለ፣ ንብ በጢስ የሚያባርር ማር ቆራጭ አለ፣ ማሳ ዳር የሚያቃጥል ገበሬ አለ። የጎፍ ደግሞ ጥድና ወይራ ያለበት ከቀሩን ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። የተቃጠለ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ልጅ ያየውን ጥድ የልጅ ልጁ ላያየው ይችላል።

ስለ ስምሪት ሥራ ለማውራት የሄድኩት የደን ጥበቃ ሆነው ወደ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ዘንድ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት።

"ጋሼ፣ ጢስ ሲያዩ መጀመሪያ ለማን ነበር የሚደውሉት?" አልኳቸው።

"እኔ የት ደውዬ! ሰው ነው ወደኔ የሚደውለው። አንዱ ይደውላል፣ ገና ሳልጨርስ ሌላው ይገባል። ሁሉም 'ጢስ አየሁ' ነው። የት ጋ ስትለው 'እላይ' ይልሃል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መሮጥ ነዋ። ስንደርስ በዚህ በኩል ሰው ግጥም ብሏል፣ ቅጠል እንኳን የሚቆርጡበት ቦታ የለም። በዚያኛው ሸንተረር ሦስት ልጆች ብቻቸውን ይታገላሉ። ማን ያውቃል? ሁሉም የሮጠው ጢስ ወዳየበት ነው።"

"ውኃስ?"

"ውኃ አምጡ ያልነው ሁላችንም ነን። ያመጣው የለም። ሁሉም ሌላው ያመጣል ብሎ።" ትንሽ ዝም አሉና "አብሽር፣ ሰው አይጠፋም። ወሎ ላይ እሳት ተብሎ የሚቀመጥ የለም። የሚጠፋው ማን የት እንዳለ ነው" አሉ።

እኔ ከዚህ የተሻለ የችግሩ መግለጫ የለኝም። ኦሪገን ሰው አጥታ ነው ያሰለፈችው። እኛ ሰው አለን፤ ጉድለቱ የሚያሰልፍ ነው። መስጊዱ በድምፅ ማጉያው ይጣራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደውላል፣ እናቶች ኡኡ ይላሉ፣ ባጃጁ በነፃ ይጭናል። ጥሪው በሃያ አፍ ይወጣል። የሚመለሰውን ግን የሚሰማ አንድ ጆሮ የለም። ሦስቱ ልጆች እዚያ ሸንተረር ላይ እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ነፋሱ ቢዞር ዞሯል የሚላቸው የለም። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሄሊኮፕተር የለንም የሚለውን መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። በ1992 የባሌና የቦረና ደኖች ሲነድዱ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ተቃጥሎ ከውጭ ባለሙያ መጣ። በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊ ከእስራኤል ነበር የመጣው። ግን ልብ በሉ፤ ሄሊኮፕተርም ቢመጣ ማን ይመራዋል? የትኛው ሸንተረር ላይ ሰው እንዳለ ያልታወቀበት እሳት ላይ ውኃ ከላይ ማፍሰስ ራሱ አደጋ ነው። የከተማ የእሳት አደጋ መኪናም ቢሆን የሚሄደው መንገድ እስካለ ድረስ ነው። ሽቅብ ደን ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ከፖርትላንድ የምወስደው አውሮፕላኑን አይደለም። አንድ የታወቀ ስልክ ቁጥር፣ ከታኅሣሥ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ቀንም ማታም የሚያነሳው ሰው፣ አንድ ደብተር። ደብተሩ ላይ ማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ጢሱ ከየትኛው ምልክት አጠገብ ነው ("እላይ" አይበቃም)፣ ማን ተላከ፣ ደረስኩ አለ ወይ፣ ተመልሷል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ እስኪመለስ ገጹ አይዘጋም። ደኑ አስቀድሞ በሰፈሩ ሰው በሚጠራው ስም ይከፋፈል፤ ሸንተረሩ፣ ምንጩ፣ ገደሉ ሁሉም ስም አለው። የመስጊዱ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከዚያ ስልክ ቃል ሲደርሳቸው ብቻ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ጭምር ይናገሩ። የታችኛው ቀበሌ በምንጩ በኩል፣ የላይኛው በሸንተረሩ፤ ወጣቶች አካፋና ቆንጨራ፣ ባጃጆች ጀሪካን። ነፋስ ሲዞር ሁሉም ቡድን ሰማሁ እስኪል ይጠራ።

የማይወሰደውም አለ። የተራው ደንብ እንዳለ እዚህ አይተከልም። ፖርትላንድ ውስጥ "አንተ ቆይ፣ ለሚቀጥለው እሳት ጠብቅ" የሚባለው ደመወዝተኛ ነው። የእኛው ሰው በፈቃዱ የመጣ ነው። ደኑ የአያቱ ነው፤ ከብቱ እዚያ ውሏል፤ ልጁ እላይ ሊሆን ይችላል። እሱን በስልክ ቆይ ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ቃል ሰው የሚቀበለው ከሚያከብረው አፍ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ስልኩን የሚይዘው ወጣት ቢሆንም፣ አጠገቡ ሼኹም ቄሱም እሺ ያሉት፣ ደኑን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ መቀመጥ አለበት። ከወንበሩ ላይ "በዚያ በኩል ሰው በቅቷል፣ እናንተ ጠብቁ" ሲሉ የሚደመጡ ሰው። ጋሼን ይህን ይሠሩ እንደሆን ጠይቄያቸዋለሁ። እግራቸው አልወጣ እንዳላቸው፣ ጆሯቸው ግን ደህና እንደሆነ ነግረውኛል።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው የሌሊት አበል፣ የስልክ ካርድ፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩን የሚሞላ ትንሽ ሶላር። ደኑ ከአንድ በላይ ቀበሌ ስለሚነካ ግን ሁሉም ሌላው ይሸፍን ይላል፤ እንደ ውኃው። እኔ ከየቀበሌው እኩል ይዋጣ ባይ ነኝ። ደብተሩም በአንዱ ቀበሌ ስም ሳይሆን በደኑ ስም ይከፈት። ኅዳር ሳያልቅ መወሰን አለበት፤ ታኅሣሥ ላይ ሣሩ መድረቅ ይጀምራል።